የጸሎት ርዕስ የሆነው መንጋጋ

«ዝናቡ በእናንተ በኩል እንዴት አደረ? እኛ ጋማ ጣሪያውን ነቅሎ ሊሄድ ነበር... ግቢ መርየምዬ፣ ግቢ፣ ጫማሽን አታውልቂ። ኧረ ደግሞ ምን ተሸክመሽ መጣሽ? አታካና! ቡላው በቅቤ፣ በወተት! እንዲህ ያለ አታካና የበላሁት ሀሴትን የወለድኩ ጊዜ ነው እኮ። ዘንድሮም ቤታችን አራስ አለ ማለት ነው... ተቀመጪ፣ ተቀመጪ።»

ሚስቱ ዘርትሁን እንግዳዋን ስትቀበል፣ ብዙነህ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ በቀይ እስክሪብቶ የፊዚክስ ፈተና ያርማል። ወይም የሚያርም ይመስላል። አፉን ግጥም አድርጎ ዘግቷል። መናኸሪያው ጀርባ ሱቅ ያላት መርየም የመጣችው እሱን ልትጠይቅ ነው፤ የታመመ ይጠየቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት አዲስ አበባ ሄደና ጥርሱን በሽቦ አሳስሮ ተመለሰ። በአርባ ስድስት ዓመቱ። ዘርትሁን በር ላይ ቆማ «ምንድነው እሱ?» ስትለው መልስ አላዘጋጀም ነበርና «መንጋጋዬን አሞኝ... ሐኪም አዞልኝ» አላት። አመነችው። ያመነችውን ደግሞ ለእሮብ የጸሎት እህቶች አካፈለች። ከዚያ ወዲያ መንጋጋው የግሉ መሆኑ ቀረ፤ የጉባኤው ሆነ። ተጾመለት። በየወሩ ሽቦውን ሊያስጠብቅ አዲስ አበባ በሄደ ቁጥር ሆሳዕና ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰው ተንበርክኳል።

ነገም ቀጠሮ አለው።

«ነጂባ እንዴት ናት? አሥራ አራት ሞላት? ኧረ ጉድ፣ ልጅ እንዴት ያድጋል! በቀደም ሱቃችሁ ብመጣ ሳቅ ስትልልኝ አየኋት፤ ጥርሷ ላይ ያው ሽቦ። እኔ ሞኟ ደነገጥኩ። "ልጄ፣ ያንቺንም መንጋጋ ያምሻል?" አልኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "ኧረ እትዬ፣ ለቁንጅና ነው!" ... ለቁንጅና። ልጅ መዋሸት የት ያውቃል? እሱ እያደጉ የሚመጣ ነው።»

ቀዩ እስክሪብቶ አንድ ትክክለኛ መልስ ላይ ኤክስ አደረገ።

«እና መርየምዬ... አንድ ሰው አውቃለሁ። ስም አልጠራም። እኛ ጴንጤዎቹ ጋ ሐሜት ኃጢአት ነው፤ ስም ካልተጠራ ግን ሐሜት አይባልም፣ የጸሎት ርዕስ ነው የሚባለው። እንዴት ያለ መልካም ሰው መሰለሽ! አይጠጣ፣ አያጨስ፣ ከትምህርት ቤት ቤት፣ ከቤት ጸሎት ቤት። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ይታመማል። ሕመሙም እንደሌላው ሰው ተራ ሕመም አይደለም። የሚያሳምር ሕመም ነው... አንቺ እንዲህ ያለ ሕመም ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔን ወገቤን ሲያመኝ ጎበጥኩ እንጂ አላማርኩም።

«እህቶች ተሰብስበን ጸለይንለት። ገነቴ፣ ያቺ የሆመቾዋ፣ እጇ እንደሆነ የእንሰት መፋቂያ ነው፣ መንጋጋው ላይ ጫነችና "አንተ የበሽታ መንፈስ፣ ልቀቅ!" እያለች ወደ ውስጥ ገፋችው። እንባው ዱብ ዱብ አለ። "ተነካ! ተነካ!" ብለን እልልታውን አቀለጥነው። እኔም እልል ብያለሁ... አሁን ያንን እልልታ ማንን መልስልኝ ልበል?»

እንባው የእውነት ነበር። ሽቦው ጉንጩን ከውስጥ ወግቶት ነበር። ያኔ አፉን ከፍቶ እውነቱን ሊናገር ሲል «እየመሰከረ ነው!» ብለው እንደገና እልል አሉ።

ዘርትሁን ለእንግዳዋ የተቆላ በቆሎ በሳህን አቀረበች። አታካናውን ቀድታ ባሏ ፊት አስቀመጠች፤ ማንኪያውን ወደ እሱ አዙራ፣ እንደ ሕፃን።

«ብይ እንጂ መርየምዬ፣ ያንቺ ጥርስ ጤነኛ ነው። ...ያ የነገርኩሽ ሰውማ ቆሎ ካየ ቆየ። በዓላችን ያሆዴ ሲደርስ እንዴት ሊሆን ነው እላለሁ። ሰፈሩ ሁሉ በሬ አርዶ፣ ቁርጡን በቢላዋ እየቀረደደ ሲውጥ፣ እሱ ጥግ ይዞ ቡላ በማንኪያ... የአባወራ ድርሻውን ለማን እንስጥለት? ለነጂባ? ለነገሩ እሷም ሽቦ አላት። እኩዮች ናቸው።

«ሲያረጁ አምባር ይዋጁ የሚባለው ለእጅ ይመስለኝ ነበር። ለአፍ መሆኑን ማን ነገረኝ? ኧረ አልስቅም፣ አንቺም አትሳቂ፣ የታመመ ሰው አለ።

«ደግሞ ጥንቃቄው! ሰው ጥርስ ሐኪም ጋ ሲሄድ ምን ይይዛል? ካርዱን። እሱ ሽቶ ይቀባል። ሐኪሙ አፌን እንጂ አንገቴን አያሸትም ብሎ ችላ አይልም። ጫማውን ከዋዜማው ያስጠርጋል። ያን ሰማያዊ ሸሚዝ እኔ ስተኩስ... ማለቴ ሚስቱ ስትተኩስ ነው። እኔ ምን አገባኝ?»

ሰማያዊው ሸሚዝ በሩ ጀርባ በመስቀያ ተንጠልጥሏል። መርየም አየችው። ብዙነህ እሷ ስታየው አየ።

ሸሚዙ የሚለበስላት ማራኪ ትባላለች። አምና እነሱ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ታስተምር ነበር፤ ከዩኒቨርሲቲ ገና መውጣቷ ነው። አንድ ቀን መምህራን ክፍል ውስጥ ቀልድ ነግሯቸው እሱም ሲስቅ፣ እንደ ልማዱ እጁን አፉ ላይ አደረገ። «ጋሼ ብዙነህ፣ ለምን ይሸፍኑታል? ሲስቁ እኮ ያምርብዎታል» አለችው። ከዚያ ሁሉ ቃል ውስጥ «ጋሼ» የምትለዋን ብቻ አልሰማትም። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረች። ነገ ከሐኪሙ ሲወጣ ሻይ ሊጠጡ ተቀጣጥረዋል። ሻይ ነው። ሌላ ምንም የለም። ሻይ ብቻ ከሆነ ግን ለምን ለሚስቱ አልነገራትም? ይህን ጥያቄ ራሱን ጠይቆ እንደ ሰነፍ ተማሪ ዘልሎታል።

«የምታሳዝነኝ ሚስትየዋ ናት። ሞኝ ናት፣ አውቃታለሁ፣ በደንብ አውቃታለሁ። ያንን ጥርስ ወድዳ ነው ያገባችው፣ ታምኛለሽ? አንዷ ጥርስ በሌላዋ ላይ ወጥታ፣ ጃጁራ ገበያ ቀን መኪና ላይ እንደሚጫን ሰው። ሲስቅ እጁ ወደ አፉ ይሄዳል። እሷ እጁን ታወርደዋለች። እንደገና ይሄዳል፣ እንደገና ታወርደዋለች። ሠርጋቸው ላይ ፎቶ አንሺው ፊት ሳይቀር። "ተወው፣ አትሸፍነው፣ ስትስቅ ያምርብሃል" ... ሃያ ዓመት አለችው። አልሰማትም። ድምፅዋ ቀጭን ነው መሰለኝ።

«እና አሁን ከየት ሰማ? ትለኛለሽ። እኔስ ምን አውቄ! ምናልባት ሌላ ሰው፣ ጥሩ ድምፅ ያላት ሰው፣ አንድ ጊዜ ብትለው...»

በቆሎው መርየም አፍ ውስጥ ሳይታኘክ ቀረ። ብዙነህ ማንኪያውን አታካናው ውስጥ እንደተከለ ደርቆ ቀረ። ዘርትሁንን ማን ነገራት? ማንም አልነገራትም። ያቺን ዓረፍተ ነገር ቀድማ የተናገረቻት እሷ ናት፤ ወዴት እንደሄደች ብታውቅ ምን ይገርማል?

ሊነሳ አሰበ። «ነገ አልሄድም» ሊል አሰበ። ግን ስሙ አልተጠራም። ስሙ ያልተጠራ ሰው ተነስቶ ምን ይላል?

«ልትሄጂ ነው? ኧረ ገና መምጣትሽ! ... እሺ፣ ሱቁን ዘግተሽ ነው የመጣሽው፣ ልክ ነሽ። ነጂባን ሳሚልኝ። ጥርሷን ያሳምርላት፣ በጊዜው ነው፣ እንጨት በእርጥቡ ሲቃና ደስ ይላል። ቆይ፣ ሳንመራረቅማ አትሄጂም።»

በዚህ ቤት ምርቃት በባዶ እጅ አይሰማም። መራቂው አፉን ሲከፍት ተመራቂው ሁለት መዳፉን ወደ ላይ ይዘረጋል፤ ምርቃቱ ሳያልቅም አያጥፈውም። ብዙነህ ይህን እናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ ሳለ ነው የተማረው። ስለዚህ ዘርትሁን በሩ ላይ ቆማ ድምፅዋን ስታለሰልስ፣ ለማን እንደሆነ ገና ሳይለይ እጆቹ በራሳቸው ተዘረጉ። ቀዩ እስክሪብቶ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ያንን የነገርኩሽን ሰው ጌታ ይባርከው። የነገ መንገዱን ሰላም ያድርግለት፣ ጎማ አይተንፍስበት፣ ዝናብ ያንን ሸሚዝ አይንካበት። ሐኪሙ ሽቦውን ሲያጠብቅለት እጁ ይቅለልለት። የተፈታለት ቀን ጥርሱ እንደ አዲስ ቆርቆሮ አጥር ተሰድሮ ይታይለት፤ እሱም ስቆ አይጥገብ። ደግሞ ሻይ ቤት ተቀምጦ ሲስቅ፣ አስተናጋጁ ፊት ለፊቱ ወደተቀመጠችው ልጅ ጎንበስ ብሎ "አባትሽ ፈገግታቸው እንዴት ደስ ይላል!" እንዳይላት፣ ጌታ የዚያን አስተናጋጅ አፍ ይያዝልኝ። አሚን በይ እንጂ መርየምዬ!»