ጾመኞቹ ፓንኮች

ዓርብ ከሰዓት፣ ከጄኔቭ ወደ ዙሪክ በሚሄደው ባቡር፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት፣ ስልክ በአማርኛ አውርቶ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ወደመለሰው ልጅ ዞር አሉ።

«ልጄ፣ ዘፈንህ እዚህ ድረስ ይሰማል።»

«ይቅርታ ማዘር፣ ልቀንሰው።»

«ኧረ ጨምረው። ፓንክ ነው አይደል? እኔ እኮ የፓንክ ባንድ ውስጥ ድራም እመታ ነበር።»

«እርስዎ? የት ተምረው?»

«ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ መትቻለሁ፤ ለእነሱ በቃቸው። በአሮጌ ቫን ከከተማ ከተማ እየዞርን ‹ስደተኛ አይባረር› እያልን እንጮህ ነበር። እኔ ራሴ ፐርሚ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ አልነበረኝም። ፖሊስ በር ላይ ቆሞ እያየኝ ድራሙን እቀጠቅጠዋለሁ።»

«አይፈሩም ነበር?»

«ምን ያስፈራኛል? የባንዱ ልጆች ዓመቱን ሙሉ ሥጋም ወተትም አይቀምሱም፤ ከእንዲህ ያለ ጾመኛ ጋር እየዞርኩ ምን ይነካኛል ብዬ።»

«ጾም ሳይሆን ቪጋን ሆነው ነዋ፣ ማዘር።»

«ያኔ በምን አውቄ? ፋሲካ ሲደርስ ዶሮ ወጥ ሠርቼ ‹እንኳን አደረሳችሁ፣ በሉ እንግደፍ› አልኳቸው።»

«በሉልዎት?»

«አንዳቸውም አልነኩትም። ግን ብቻዬን እንዳልገድፍ ብለው ምስራቸውን ይዘው ዙሪያዬን ተቀመጡ። ከእናቴ ቤት ከወጣሁ እንደዚያ ያለ ፋሲካ አላየሁም።»

እኔ የጀመርኩትን የአይብ ሳንድዊች ቀስ ብዬ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።