ጆንያ ይዤ የሄድኩበት አውድማ

አሜሪካ፣ ኩን ራፒድስ በሚባል ከተማ፣ ከልጄ ቤት አጠገብ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ አለ። የድሮ የእህል መውቂያ ማሽን እየሰበሰበ ይጠግናል። ብርዱን ሁሉ ጋራዡ ውስጥ አብሬው ዝገት ስፍቅና ግራሶ ስቀባ ከረምኩ። በቋንቋ አንግባባም። እሱ አይጠይቀኝም፣ እኔም ወሬ አልወድም፤ ስለዚህ ተስማማን። በጋ ሲገባ ማሽኑ ሜዳ ወጥቶ ስንዴ ሊወቃ ነው ተባለና ማንንም ሳላማክር ጆንያ ይዤ ሄድኩ። እኛ ዘንድ በሰው አውድማ የሠራ ሰው ተሰፍሮለት ነው የሚሸኘው።

ማሽኑ ሲነሣ ሊያይ የተሰበሰበው ሰው አጨበጨበ፤ ልጄም ልጁን ይዞ መጥቶ ነበር። እኔ ነዶ ሳቀብል ዋልኩ። ምርቱ ሲከመር ጫማዬን አውልቄ ተጠጋሁ፤ “ይባረክ” ብዬ ጆንያዬን ዘርግቼ ቆምኩ። ሽማግሌው ሳቀና ለልጄ አንድ ነገር ነገረው።

“ምን አለ?” አልኩት።

“አባዬ፣ ሾው ነው እኮ! የሚወስደው የለም። ልጆች ይጫወቱበትና ይጣላል።”

“እህል ይጣላል?”

“ፕሊስ አባዬ፣ ሰው እያየን ነው። ስንዴ ካማረህ ከስቶር እገዛልሃለሁ።”

ይህን ልጅ ያስተማርኩት ስንዴ ወቅቼ ነው። ጆንያውን ከእጄ ነጥቆ ጠቀለለና መኪናው ወንበር ሥር ደበቀው። እኔ ጫማዬን ለማንሣት ጎንበስ ስል፣ ልጆቹ ከነጫማቸው ምርቱ ላይ ወጥተው ይንሸራተቱ ነበር። ከፊት ያለው የልጅ ልጄ ነው፤ አባቱ ቆሞ በስልኩ ፎቶ ያነሣዋል።