ለቁራጭ ሥጋ የተቆፈረ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ታክሲ፣ አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ በወዲያ ጎናቸው ካለች ከማያውቋት ሴት ጋር ወሬ ጀመሩ።

«አንጀቴ ውስጥ ትርፍ ሥጋ በቅሎ፣ ዶክተሩ በካሜራ ገብቶ ሊያወጣልኝ ነበር።»

«አወጣልዎት፣ አባባ?»

«ትንሽ ቢሆን በሽቦ ሸምቀቆ አንቆ ይቆርጠው ነበር። የኔ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው። ከሥሩ ፈሳሽ ወግቶ ሊያነሳው ሞከረ። ከተነሳ ይቆረጣል፤ ካልተነሳ ሥር ሰዷል ማለት ነው።»

«ተነሳ?»

«ዙሪያው አበጠ፤ እሱ ግን ፍንክች አላለም። በቴሌቪዥኑ አይቸዋለሁ። ዶክተሩ ‹ይሄን በካሜራ አልነካውም› ብሎ መሣሪያውን አወጣ።»

«ያ ረቢ! ታዲያ አሁን ወዴት እየሄዱ ነው?»

«ወደ ኤርፖርት። አዲስ አበባ በቀዶ ጥገና ይወጣል አሉኝ። እኔን ያስጨነቀኝ ጉድጓዱ ነው።»

«የምን ጉድጓድ?»

«ከሰው የተቆረጠ ሥጋ አይጣልም፣ ይቀበራል። ቦሩ ሜዳ ካባቴ መቃብር አጠገብ አስቀድሜ ቆፍሬለት ነበር።»

«ሳይቆረጥ? አባባ፣ ክፍት መቃብርኮ ሰው ይጠራል!»

«ለዚያ ነው ዛሬ ሱብሂ ሰግጄ ልደፍነው የሄድኩት። ስቆፍረው ስንዝር ያህል ነበር።»

«አሁንስ?»

«ወላሂ፣ ሰው ያስተኛል።»

«ደፈኑት?»

«ያወጣሁትን አፈር ሁሉ መለስኩበት፤ አልሞላም።»

ጫማቸው ላይ የተለጠፈውን እርጥብ አፈር አየሁና እግሬን ወደ ራሴ ሰበሰብኩ።