ከእነቋጠሮው የገዛሁት ከረባት

የጅጋዋን እማማ ጥሩዬን የበደልኩ እኔ ነኝ። ከልባሽ ተራ ከረባት መልቀም እወዳለሁ፤ ጅጋ ላይ አንዱን ከእነቋጠሮው ገዛሁና «ባለቤቱ ፈትቶ ማሰር እንኳ የታከተው ሰነፍ ነው» ብዬ ሻጩን አሳቅሁት። ፍኖተ ሰላም ቤቴ ገብቼ ፈታሁና ተኮስኩት።

በሳምንቱ እማማ «ከረባት የምትለቅመዋ ሴት» እያሉ ጠይቀው ፍኖተ ሰላም ድረስ መጡ። «ልጄ፣ ምራቴ ሳላውቅ ሸጣብኝ ነው። ባለቤቴ አስተማሪ ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና፣ ቋጠሮውን በመጨረሻ የሥራ ቀኑ በእጁ ያሰረው ነው። እሱን እየዳሰስሁ ነው የምውለው» አሉኝ።

እንደ ማስመሪያ የተዘረጋውን ከረባት ሰጠኋቸው። ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታቸው ፈለጉ። «ቋጠሮውሳ?»

እንዲህ አልኩ፦ «እማማ፣ እኔው ፈታሁት። ባለቤትዎን ሰነፍ ነው ብዬም ሰው አስቄባቸዋለሁ።»