የሰዒድ ታንኳ ቆሟል

ባሌ ሰዒድ ጥርጣሬ አይለቀውም ነበር፤ እኛ ወስዋስ እንለዋለን። ዓሣ አጥምዶ ሲመለስ እንደ ሐይቁ ሰው ሁሉ፣ የደንገል ታንኳው ውሃው ተንጠፍጥፎ እንዲደርቅ ዛፍ አስደግፎ ያቆመዋል። ከዚያ ግን «ወድቆ ይሆን?» እያለ ተመልሶ ካላየው እግሩ አይራመድም። በጣሊያን ጊዜ አንድ ቀን ዓሣችንን ይዘን ገበያ ስንወጣ፣ ሰዒድ መንገዱ ላይ ያለውን ኬላ አልፎ ተመለሰ፤ ደግሞ አልፎ ደግሞ ተመለሰ። ጠባቂው፣ ለጣሊያን ያደረ አስካሪ፣ ጠመንጃውን ደገነበት። «ለሽፍቶች ነው መልእክት የምታመላልሰው?» አለው። «ኧረ ጌታዬ፣ ታንኳው የወደቀ እየመሰለው ነው» አልሁት። ማን ይመነኝ። «እስቲ አሳየኝ» ብሎ ሁለታችንንም እየነዳ ወደ ሐይቁ ወሰደን። ታንኳው እንደቆመ ነው። አስካሪው በእጁ ነቀነቀው፣ ሥር ሥሩን ፈተሸ፣ ምንም አጣ። «ቆሟል፤ ሂድ» አለው። ሰዒድ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ አንዴም ወደኋላ ሳያይ ገበያ ደረሰ። እኔ ስንት ዓመት «ቆሟል» ስለው ያላመነኝ ሰው፣ ጠመንጃ የያዘ ሲነግረው አመነ። ተናድጄ እስኪመሽ አላናገርሁትም።

በማግስቱ ወደ ኬላው ስንቃረብ አስካሪው ገና ከሩቅ እጁን እያወዛወዘ፣ «ቆሟል፣ ቆሟል፣ እለፍ» አለ። እፎይ ልል ስል ሰዒድ ቀጥ አለ።

«ዛሬ እኮ ሄዶ አላየውም። በምን አወቀ?» አለኝና ተመለሰ። እኔ ከኋላው፣ አስካሪውም እየተራገመ ከኋላዬ።