የአቶ ልሳነወርቅ መዶሻ

ወጊ ቢረሳ ተወጊ አይረሳም። አቶ ፀሐዩን የሰደቧቸው አቶ ልሳነወርቅ ናቸው፤ ቀኑም የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት፣ የዳግማ ትንሣኤ እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። አቶ ፀሐዩ ለልጃቸው ለማቲያስ ውቢትን እንዲጠይቁለት ሦስት ሽማግሌ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ልከው ነበር። የልጅቷ አባት አቶ ልሳነወርቅ ሽማግሌዎቹን ቁጭ በሉ እንኳ ሳይሉ፣ «ልጄን ለቀጥቃጭ ዘር አልሰጥም» ብለው መለሷቸው። አሜሪካን አገር! ሰው የጎረቤቱን ስም በማያውቅበት አገር፣ የአቶ ፀሐዩ አያት ወናፍ መንፋታቸው ውቅያኖስ ተሻግሮ ተገኘ።

ባለፈው ቅዳሜ ወዳጃቸው ሀቢብ ኮል አደረገላቸው።

«ጋሼ፣ አንድ አዛውንት የሚሊንግ ማሽናቸው፣ ያ ብረት መፈልፈያው፣ መቁረጫውን ነክሶ አልለቅ ብሏቸው ተቸግረዋል። አድራሻውን ቴክስት ላድርግልዎት?»

ሃያ ዓመት እዚያው አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ ብረት ሲቆርጡ የኖሩት አቶ ፀሐዩ የሰውዬውን ስም እንኳ ሳይጠይቁ መኪናቸውን አስነሡ። በሩ ሲከፈት ግን አቶ ልሳነወርቅ ራሳቸው መዶሻ ይዘው ቆመዋል።

«እርስዎ ነዎት?» አሉ አቶ ልሳነወርቅ። «ሀቢብ ባለሙያ ልኬልዎታለሁ ቢለኝ...»

«ባለሙያው መጥቷል። ማሽኑ የት ነው?»

ቤዝመንት ወረዱ። አቶ ልሳነወርቅ ትንሿን ማሽን የገዟት ሪታየር ካደረጉ በኋላ ነው። መቁረጫውን የሚይዘው ሆልደር በሚሽከረከረው ዘንግ ውስጥ ተጣብቆ ቀርቷል። እሳቸውም ከላይ የሚያስረውን ረጅም ብሎን ጨርሰው ነቅለው፣ ሆልደሩን ጎን ጎኑን በብረት መዶሻ ሲነርቱት ሰንብተዋል። አቶ ፀሐዩ የብረቱን ቁስል አይተው ሊመለሱ ቃጣቸው።

«ለጌጤነሽ ነው» አሉ አቶ ልሳነወርቅ ስለ ባለቤታቸው። «ስትሮክ ከመታት ወዲህ ቀኝ እጇ ማንኪያ አይጨብጥም። ወፍራም እጀታ ልሠራላት ነበር።»

አቶ ፀሐዩ የመሣሪያ ሳጥናቸውን መሬት አስቀመጡ።

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ዱላ ምንድን ነው?»

«ብረት ያለ ዱላ አይገራም ይባል የለ?»

«ያን የሚለው ብረት ይዞ የማያውቅ ነው። በጎን የመቱት እያንዳንዱ ምት የሚያርፈው ውስጥ ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ላይ ነው። ሁለት ቀን ቢጨምሩበት የማሽኗን ተዝካር ያወጡ ነበር።»

«ኢንተርኔት ላይ ሲመቱት አይቻለሁ እኮ!»

«የት ቦታ ሲመቱት?»

አቶ ልሳነወርቅ መዶሻቸውን ወደ ጀርባቸው ሸሸጉ።

«ሰው አይጠይቁም?»

«ማንን? ይሄን ሁሉ ዘመን ስኖር እጁ ብረት የነካ ወዳጅ አላፈራሁም።»

እነሆ የንቀት ፍሬ! የባለሙያን እጅ የናቀ ሰው፣ በቸገረው ቀን የሚያንኳኳው በር አያገኝም።

አቶ ፀሐዩ ብሎኑን መልሰው አስገቡ፤ እስኪይዝ አጥብቀው፣ አንድ ዙር ብቻ ፈቱት።

«የሚመታው የብሎኑ ራስ ነው፤ ጨርሰው ከነቀሉት ምቱ ሆልደሩ ላይ አይደርስም። በጥቂት ጥርስ ብቻ ይዞ ሳለ ቢመቱትም ጥርሱ ይላጫል። ሆልደሩን ሲያስገቡት ማሽኑ ሞቆ ነበር?»

«ከጠዋት ጀምሮ ሲሠራ ውሎ ነበር።»

«በቃ፤ በሞቀ ዘንግ ቀዝቃዛ ሆልደር ከተቱበት። ዘንጉ ሲቀዘቅዝ ጨመቀው። አሁን በረዶና የፀጉር ማድረቂያ ያምጡ።»

«ቀልድዎን ነው?»

«ከእርስዎ ጋር ምን ቀልድ አለን?»

ዘይት ጠብ አደረጉበት፤ ዘንጉን ከውጭ በማድረቂያው አሞቁ፤ ሆልደሩ ላይ በፌስታል የተቋጠረ በረዶ ያዙበት፤ ከሥሩ ጣውላ አነጠፉ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተው በረዶውን አነሡና፣ በነሐስ መዶሻ የብሎኑን ራስ አንዴ ብቻ፣ ቀጥ አድርገው መቱት። ጠቅ! ሆልደሩ ተላቀቀና ብሎኑ ላይ ተንጠለጠለ።

አቶ ልሳነወርቅ መዶሻቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«አንዴ ብቻ?»

«አንዴ። ከእንግዲህ ሆልደሩንም ዘንጉንም በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ያስገቡ፤ ከልክ በላይ አያጥብቁ፤ ሥራ ሲጨርሱ አውጥተው ያሳድሩት። ማሽኗ ዕድሜዎን ሙሉ ታገለግልዎታለች፤ ወይዘሮ ጌጤነሽም ሰው ሳያጎርሳቸው ይበላሉ።»

«ይህን ትምህርት ቤት አላስተማሩኝም።»

«እኔን አያቴ ነው ያስተማረኝ» አሉ አቶ ፀሐዩ። «ያ ቀጥቃጩ።»

አቶ ልሳነወርቅ የቆሰለውን ሆልደር ከብሎኑ ፈትተው አገላበጡት።

«ተሳስቻለሁ» አሉ። «ሙያ የሚከበርበት ቤት እቃው አይሰበርም፤ ጎረቤት ከጎረቤት ይረዳዳል፤ ልጅም የወደደውን ያገባል። እኔ ሦስቱንም አጥቻለሁ። ያን ቃል መልሼ ልውጠው።»

አሥራ ሁለት ዓመት የጠበቁት ቃል ይኸው መጣ። አቶ ፀሐዩ ግን እንዳሰቡት ደስ አላላቸውም። ያን እሑድ ማታ ማቲያስን፣ «የልጅቷን ስልክ ቁጥር አጥፋ፤ ወይ እኔ ወይ እሷ» ያሉት እሳቸው ናቸው። ይህን ለማንም ተናግረው አያውቁም። ልጁ ያኔ ቁጥሯን አጠፋ፤ ከዚያ ወዲህ ሮክቪል ውስጥ ብቻውን ይኖራል።

«ውቢት ጌይተርስበርግ ናት፤ ብቻዋን» አሉ አቶ ልሳነወርቅ በቀስታ። «ማቲያስስ... አገባ?»

አቶ ፀሐዩ የነሐስ መዶሻቸውን በጨርቅ ጠቀለሉ፣ ሳጥናቸውን ዘጉ፣ «የከለከልኩት እኔም ነኝ» ማለት አቅቷቸው ደረጃውን ወጡ።