ከሳሹ ዋስ የሆኑላት ባለ ጠጅ ቤት

ጥቂት ታገሡኝ፤ ጊዜያችሁን የማያስቆጭ ነገር ልንገራችሁ። አዳማ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለው የወይዘሮ አስካለ ጠጅ ቤት ጠጪዎች በጩኸትና በድብድብ ጎረቤቱን ቢያስመርሩ፣ ፈቃዷ ይነጠቅ ተብሎ ዳኛ ፊት ቀረበች። ዋናው ከሳሽ ሚስታቸው ታመው በጩኸቱ እንቅልፍ ያጡባቸው ጎረቤቷ ኦቦ ቱሉ ናቸው። ዳኛው ከአንድ ግራር ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ «ጸጥታ ለማስከበርሽ ዋስ ጥሪ፤ ካጣሽ ቤቱ ይዘጋል» አሏት። ላስረዳችሁ፤ ዋስ ማለት ባለጉዳዩ ቃሉን ቢያጥፍ በእሱ ፈንታ የሚቀጣ ነው። እሷም ልጆቿን የምታሳድግበት ሌላ ሥራ የላትምና ወደ ደንበኞቿ ዞረች። «እናታችን» ሲሏት የከረሙት ሁሉ መሬት መሬት አዩ።

ያን ጊዜ ኦቦ ቱሉ ተነሡ። «እኔ ዋሷ ነኝ።»

«ከሳሿ አይደሉም እንዴ?» አሉ ዳኛው።

«ነኝ ጌታዬ። ይህ ቤት ቢዘጋ ነገ ሌላ ሰው ይከፍታል፤ እሱ እኔን አያፍረኝም። እሷ ግን ዋሷ ከሆንሁ ታፍረኛለች።»

ዳኛውም ዋስነቱን ተቀበሉ፤ ቤቱም ሳይዘጋ ቀረ። ወይዘሮ አስካለም ከዚያ ወዲህ የሚጮህ ጠጪ ስታይ፣ «ውጣ፤ ዋሴን ታስቀጣብኛለህ» ትላለች። እናንተም የተጣላችሁት ጎረቤት ዋስ ያጣ ዕለት ተነሡና ዋስ ሁኑት፤ ሞክሩትና እዩት።